ታብሌቱ የት ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስክ ሠራተኞች የታደሉ ጥቂት መቶ ታብሌቶችን እንድከታተል ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቢሮውን ካርታ ስከፍት፣ ከአዲስ አበባ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌት ቦሌ አካባቢ ቆሞ አገኘሁት። ደወልኩላት።

«እህቴ፣ ታብሌቱ የት ነው?»

«እጄ ላይ ነዋ! አራስ ቤት ገብቼ እየመዘገብኩ ነው፤ ምነው?»

ከኋላዋ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል። አለቃችን ግን ከእሷ ቃል ይልቅ ካርታውን አመነ። «ሸጣው ይሆናል፤ አጣሩ» አለ። ነገሩ የተጣራው በማግስቱ ማታ ነው። ታብሌቱ ያን ጠዋት ከሳተላይት ምንም አልተቀበለም ነበር። ሶፍትዌሩ ቦታውን ባዶ ከሚተው ብሎ ኢንተርኔቱ የወጣበትን የአይፒ አድራሻ ተመለከተ፤ አድራሻው የተመዘገበው አዲስ አበባ ስለሆነ ነጥቡን ቦሌ ላይ ተከለው። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ በሌብነት ተጠርጥራ ዋለች። ይቅርታ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ እንድፈትሽ ያደረገኝ ያ ነጥብ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ድርጅቶች ብቻ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሰማራቸው ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደሩን ከወረቀት ወደ ታብሌት እያዛወሩ ነው። ግንቦት 1999 ከተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በኋላ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች የተገዙለት የእያንዳንዱን ቤት መገኛ ጭምር እንዲመዘግቡ ታስቦ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ቆጠራዋን በታብሌት አከናውናለች። የግብርና ጥናት፣ የዕርዳታ እደላ፣ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት፣ የዕቃ አድራሽ ድርጅት ሁሉ ዛሬ በአንድ ማዕከል የሚተዳደሩ ታብሌቶች አሉት። በየቢሮውም ያው ቅሬታ ይሰማል፦ «ሎኬሽኑ ልክ አይደለም።»

ቅሬታው አንድ ይምሰል እንጂ ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት የተለያየ ነው። ንብረት ክፍል የጠፋ ዕቃ ማግኘት ይፈልጋል፤ ለእሱ ዋናው ነገር መረጃው የአሁን መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪው ሠራተኛዋ መንደሩ ድረስ መሄዷን ማወቅ ይፈልጋል፤ ሃምሳ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል አይጎዳውም። የመረጃ ባለሙያው ደግሞ ቤቱ ራሱ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ጎረቤታሞች በአሥር ሜትር ርቀት ውስጥ በሚኖሩበት ሰፈር ሃምሳ ሜትር ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ ሦስቱም በአንድ ስብሰባ «ትክክለኛ ሎኬሽን ይምጣልን» ብለው ተስማምተው ወጡ። የተገዛው ሶፍትዌር ግን ለንብረት ክፍሉ ጥያቄ የተሠራ ነበር።

ከሰማይ እንጀምር። የአሜሪካው ጂፒኤስ ወደ ሠላሳ አንድ የሚጠጉ ሳተላይቶች አሉት፤ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ያለማቋረጥ ይናገራል። ታብሌቱ ከአራት ሳተላይቶች የሰማውን ምልክት የመዘግየት ልዩነት አስልቶ የራሱን ቦታ ያገኛል። ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ፣ በሰዓቱ ላይ የሚፈጠር የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ሦስት መቶ ሜትር ያህል ያሳስታል። የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች ሆን ብሎ የጨመረውን ማዛባት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ካነሳ ወዲህ፣ ሰማዩ በተከፈተበት ቦታ ተራ ስልክ አምስት ሜትር ገደማ ድረስ ይጠጋል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ሲጨመሩ የሚታዩት ሳተላይቶች ይበዛሉ፤ የዛሬ ታብሌቶች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ የሆኑትን ያዳምጣሉ።

አምስት ሜትሩ የሚገኘው ግን ሰማይ ሲታይ ነው። የሳተላይቱ ምልክት እኛ ጋ ሲደርስ እጅግ ደክሞ ነው፤ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። የገጠር ጤና ኬላዎችና ትምህርት ቤቶች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ የተሻለ ዕድል አለ። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ምልክቱ ከመስታወት ሕንፃዎች እየነጠረ ረዘም ባለ መንገድ ስለሚመጣ ታብሌቱ ራሱን ከመንገዱ ማዶ ያገኘዋል። ይህን የማያውቅ ተቆጣጣሪ «ቤቱ ሳትገባ ማዶ ቆማ ሞላችው» ይላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ትዕግሥት ነው። ሳተላይቶች መልእክታቸውን የሚልኩት በሴኮንድ 50 ቢት ብቻ ነው። አንድ ሳተላይት ያለበትን ትክክለኛ ቦታ የሚናገርበት ክፍል በየሠላሳ ሴኮንዱ ይደገማል፤ የሁሉም ሳተላይቶች አጠቃላይ ሰሌዳ ተሟልቶ ለመውረድ ግን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል። ኔትወርክ ባለበት ታብሌቱ ይህን መረጃ በኢንተርኔት አውርዶ በጥቂት ሴኮንዶች ይነሳል። ኔትወርክ በሌለበት፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ የከረመ ታብሌት ግን ደጅ ላይ ደቂቃዎች መቆየት አለበት። እኛ ያሠለጠናቸው ሠራተኞች «ጂፒኤሱ አይሠራም» ሲሉን አብዛኞቹ ከሃያ ሴኮንድ በላይ አልጠበቁም ነበር። ጥፋቱ የሥልጠናችን ነው፤ መጠበቅ እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም።

እኛን በተለየ የሚመለከት አንድ የሰማይ ጉዳይም አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን፣ አዲስ አበባ ላይ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ የተተከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። በዚህ ወገብ ላይ አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንብርብር ከሌላው ዓለም ይልቅ ይናወጣል፤ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታባቸው ዓመታት። ምልክቱ በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ይርገበገባል። በአንድ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ ርካሽ ታብሌት የሚጠቀምበት የማረሚያ ሞዴል ከስህተቱ ግማሽ ያህሉን ነው የሚያነሳው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በስልኮች ላይ የታየው በሁለት ድግግሞሽ የሚቀበል ቺፕ መዘግየቱን ራሱ ለክቶ ያርማል። ለቤት ለቤት ምዝገባ ታብሌት የሚገዛ ድርጅት በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ካሜራው ፒክስል ከሚጨነቅ ይልቅ ስለዚህ ቺፕ አንድ መስመር ቢጽፍ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። በጨረታ ሰነድ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ የጂፒኤስ መቀበያ የለውም፤ መቀበያው ያለው ሲም በሚወስደው ዓይነት ላይ ነው። ከርካሽ የአንድሮይድ ታብሌቶችም እንዲሁ መቀበያ የሌላቸው አሉ። ጥቂት ሺህ ብር ለመቆጠብ ተብሎ የተገዛን ዕቃ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር አያድነውም።

ሳተላይት ሲታጣ ታብሌቱ ወደ ምድር ያያል። በአካባቢው የሚሰማቸውን የዋይፋይ ራውተሮች መለያ ቁጥር ሰብስቦ ጉግል ወይም አፕል ካከማቹት ሰሌዳ ጋር ያመሳክራል። ራውተር በበዛበት ከተማ ይህ መንገድ በሕንፃ ውስጥ ከጂፒኤስ ይበልጣል። ሰሌዳው የተገነባው ግን ስልኮች በየመንገዱ እያለፉ በሰበሰቡት መረጃ ነው፤ ሰው ባልበዛበት ቦታ ባዶ ነው። ራውተሩ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ያሳስታል። ቢሮ ሲቀየር ራውተሩ አብሮ ይሄዳል፤ ሰሌዳው እስኪታደስ ድረስ ታብሌቶቹ በአሮጌው ቢሮ ይታያሉ። ዱባይ የሠራች እህት ስትመለስ ይዛ የመጣችውን ራውተር አዲስ አበባ ላይ ስትሰካው፣ ከእሱ ጋር የተገናኘው መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ ዱባይ ነኝ ሊል ይችላል። በመኪና ውስጥ የሚዞር የሞባይል ዋይፋይም ያው ነው።

የስልክ አንቴናው መንገድ ከዚህ የላላ ነው። ታብሌቱ የሚያውቀው የትኛው አንቴና እንደያዘው ነው፤ ቦታውን የሚገምተውም በአንቴናው ዙሪያ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ጥቂት መቶ ሜትር ይሆናል። በገጠር ተራራ ላይ የቆመ አንድ አንቴና ብዙ ቀበሌ ስለሚሸፍን ግምቱ በኪሎ ሜትሮች ይሰፋል። የአይፒ አድራሻ ግምት ከሁሉም ይብሳል፤ አገሩን ከመናገር አልፎ ከተማ ሲጠራ እንኳ ልታምኑት አይገባም። ያቺን ልጅ ያስጠረጠራት እሱ ነው።

እነዚህ ምንጮች በጥራት እጅግ እየተራራቁ ካርታው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ሆነው ይቀመጣሉ። መሣሪያው ራሱ ይህን ይናገራል። አንድሮይድ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር በሜትር የተሰጠ የክብ ስፋት፣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለውን፣ ይልካል፤ ትርጉሙም እውነተኛው ቦታ በዚያ ክብ ውስጥ የመሆኑ ዕድል 68 በመቶ ነው የሚል ነው። ማለትም «20 ሜትር» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ቦታው ከሃያ ሜትር ውጭ ነው። ብዙ የማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ግን ክቡን ይጥሉና ነጥቡን ብቻ ያሳያሉ። ኬክሮሱንም ከነጥብ በኋላ በስድስትና በሰባት ቁጥር ይጽፉታል፤ ያንን ያየ ሰው መለኪያው ሴንቲ ሜትር የሚለይ ይመስለዋል። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ትልቁ ጥፋት ይህ መደበቅ ነው።

ሁለተኛው የሚደበቀው ጊዜ ነው። ነጥቡ መቼ ተወሰደ? እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አንድሮይድ ያልተነካን መሣሪያ ባትሪ ለመቆጠብ ያስተኛዋል። ከ2017ቱ ስሪት ጀምሮ ደግሞ ከጀርባ የሚሠራ አፕ ቦታን በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲያገኝ ተደርጓል። አምራቾችም በላዩ ላይ የራሳቸውን ባትሪ ቆጣቢ ይጨምራሉ፤ የርካሽ ታብሌቶች ቆጣቢ የመከታተያ አፑን ጨርሶ ይገድለዋል። ስለዚህ ካርታው ላይ «አሁን» የተባለው ነጥብ የትናንት ማታ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የመከታተያ አፑን ከባትሪ ቆጣቢው ዝርዝር ማውጣት፣ ይህንንም ታብሌቱ ከመታደሉ በፊት በማዕከል ማድረግ። ዋጋው ባትሪው ነው። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቀበሌ በየአምስት ደቂቃው ጂፒኤስ የሚያበራ ታብሌት ምሽት ላይ የምዝገባ ሥራውን አይጨርስም። ታብሌቱ ለምን እንደተገዛ መርሳት አይገባም።

የፈቃዱን ጉዳይ አፕልና ጉግል በተለያየ መንገድ ነው የያዙት። አፕል በሩን ከርችሞታል። አስተዳዳሪው በድርጅቱ ቁጥጥር ሥር የተዋቀረን አይፓድ መገኛ ከማዕከል መጠየቅ የሚችለው መሣሪያውን «ጠፍቷል» ብሎ ሲቆልፈው ብቻ ነው። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ቁልፉ ሲነሳም ቦታው ተጠይቆ እንደነበር ለተጠቃሚው ይነገረዋል። ከዚያ ውጭ ያለው መንገድ ተጠቃሚው ራሱ ፈቃድ የሚሰጠው አፕ ነው። አንድሮይድ የላላ ነበር፤ አሁን እየጠበቀ መጥቷል። በ2019ኙ ስሪት አፑ በማይታይበት ጊዜ ቦታን መከታተል የተለየ ፈቃድ ጠየቀ፤ በ2021ዱ ደግሞ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ትቶ ግምታዊውን ብቻ መስጠት ቻለ፤ የሥራና የግል ክፍል ለይቶ በተዋቀረ መሣሪያም አስተዳዳሪው ይህን ፈቃድ በራሱ መስጠት አይችልም። ብዙ ድርጅቶች «ከዝመናው በኋላ ሎኬሽኑ ተበላሸ» የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሠራተኛዋ ሳታውቅ «ግምታዊ» የሚለውን ነክታለች። ሙሉ በሙሉ በድርጅቱ ስም የተዋቀረ ታብሌት ላይ ይህን አስቀድሞ ማስተካከል ይቻላል፤ ሐሰተኛ ቦታ የሚፈጥሩ አፖችንም የዴቨሎፐር አማራጩን በመዝጋት መከላከል ይቻላል።

ስለ ስርቆት ረጅም መናገር አያስፈልግም። የጠፋ ታብሌት የሚጠፋው ጠፍቶ ነው፤ ሌባው መጀመሪያ ያጠፋዋል። የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ሙሉ በሙሉ ቢደመሰስም ሲበራ ወደ ድርጅቱ ቁጥጥር የሚመለስ አድርጎ ማዋቀር ነው፤ ሊሸጥ የማይችል ዕቃ ብዙ አይሰረቅም።

ነጥቡ ልክ ሆኖም ካርታው ሊሳሳት ይችላል። የኢትዮጵያ የቀድሞ የመሬት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መሠረት ላይ ነው። ጂፒኤስ የሚናገረው በሌላ መሠረት፣ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ነው። ሁለቱን ሳያስታርቁ አንድ ላይ የደረቡ ሰዎች ቤቶቹን ሁሉ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ተገፍተው ያገኟቸዋል፤ በቀበሌ ድንበር ላይ ያለች መንደር ወደ ጎረቤት ቀበሌ ትሻገራለች። ይህን ስህተት የሚለየው ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ እኩል መሸሹ ነው። የአየር፣ የቆርቆሮ ወይም የሕንፃ ስህተት ግን ነጥቦቹን በየአቅጣጫው ይበትናቸዋል።

በዚህ ሁሉ መሀል ነገሩ ተሳክቶ ያየሁት ናይጄሪያ ነው። በሰሜን ናይጄሪያ የፖሊዮ ክትባት ቡድኖች እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቦታን የሚመዘግብ አንድሮይድ ስልክ ይዘው ይወጡ ነበር። ስልኩ ኔትወርክ አይጠብቅም፤ የሄዱበትን መንገድ በራሱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሲመለሱ ወደ ማዕከል ይጫናል። ማዕከሉ ዱካውን ከሳተላይት ፎቶ ከተሳለ የመንደሮች ካርታ ጋር ያስተያየዋል። በእጅ በተሳሉት የቀድሞ ዕቅዶች ላይ ስማቸው የሌለ መንደሮች በዚያ ታዩ፤ ማንም ያልረገጣቸው በማግስቱ ቡድን ተላከላቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የአፍሪካ ቀጠና ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ ሲታወጅ፣ በሽታው የቆየባት የመጨረሻዋ አገር ናይጄሪያ ነበረች። ድሉ የስልኩ ብቻ አይደለም፤ በእግራቸው የሄዱት ሰዎች ነው። እኔን የሚስበኝ የጥያቄው አቀራረጽ ነው፤ ካርታው የሚጠየቀው የትኛው መንደር እንደቀረ ነበር። ለዚህ ጥያቄ የዘገየ መረጃ ይበቃል፤ የሃምሳ ሜትር ስህተት አያስተጓጉለውም፤ ሠራተኛውም ስልኩን ለመደበቅ ምክንያት የለውም።

እኛ ዘንድ ሕጉም አሁን አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሠራተኛ መገኛ የግል ዳታ ነው። ድርጅቱ ለምን እንደሚሰበስበው መናገር፣ ለተናገረው ዓላማ ብቻ መጠቀም፣ ከሚያስፈልገው በላይ አለመያዝ ይጠበቅበታል። ታብሌቱን ቤቷ ይዛ የምትገባ ሠራተኛ ሌሊት የት እንዳደረች የሚመዘግብ ሥርዓት ለየትኛው ዓላማ እንደሆነ ማስረዳት ያስቸግራል። ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ደኅንነታቸው ነው። ሰላም በሌለበት አካባቢ የሠራተኞች የዕለት ዱካና የቤቶች ዝርዝር መገኛ በክፉ እጅ ከገባ ጉዳቱ የሚደርሰው በቢሮ ባለነው ላይ አይደለም። ከሥራ ሰዓት ውጭ መከታተልን የሚዘጋ ማስተካከያ በአብዛኞቹ ሶፍትዌሮች አለ፤ ዝግ ሆኖ መጀመር አለበት እላለሁ።

እኛ በመጨረሻ የደረስንበት መፍትሔ ትልቅ ግዢ አልጠየቀም። የቤት መገኛን ከማዕከል መከታተያው ላይ መውሰድ አቆምን። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሠራተኛዋ ደጅ ቆማ ራሷ የምትነካው ቁልፍ ተጨመረ፤ ቁልፉ የክቡ ስፋት ከአሥር ሜትር በታች እስኪወርድ ይቆጥራል፤ ሁለት ደቂቃ ካለፈ ያገኘውን ከነስፋቱ ይመዘግባል። አንድ ሰው ሥራውን በሚሠራበት ቅጽበት፣ ለምን እንደሆነ አውቆ የወሰደው ነጥብ፣ ከቢሮ ተጎትቶ ከሚመጣ ሺህ ነጥብ ይበልጥ ልክ ሆኖ አገኘነው። የቢሮውን ካርታም አስለወጥን። ከሳተላይት ያልመጣ ነጥብ ግራጫ ሆነ፣ ክቡ ተመለሰ፣ ከሥሩ ሰዓቱ ተጻፈ፤ በአይፒ የተገመተ ቦታ ጨርሶ እንዳይታይ ሆነ። በመጀመሪያው ጠዋት ከነጥቦቹ ሲሶ ያህሉ ከካርታው ጠፉ። አለቃችን «ሲስተሙ ተበላሸ» ብሎ ጠራኝ። የጠፉት ድሮም ያልነበሩ መሆናቸውን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ የዚያችን ልጅ ታብሌት ፈለግሁት። ከጤና ኬላው አጠገብ ግራጫ ሆኖ ቆሟል፤ ከሥሩ «ከ19 ሰዓት በፊት፣ 40 ሜትር» ይላል። ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት፤ ይህን ጊዜ ታብሌቱ የት እንዳለ ልጠይቃት አልነበረም።